የተቆላ ሩዝ

የላም ቱዋት ካሜራ በእጅ ነው የሚሞላ፣
እንደ ድሮ ሰዓት፤ ጉልበት የለው ሌላ።
አንዴ ቢጠመዝዙት ሃያ አምስት ሰከንድ፣
ከዚያ ቀጥ ይላል፣ መሐል አገር ሲነድ።
«በሃያ አምስት ሰከንድ ምን ይታያል?» ብለው፣
«ሰው የሚሞትበት ከዚያ ያነሰ ነው።»

እኔ ቆራጯ ነኝ፤ በመቀስ፣ በሙጫ፣
ሃኖይ ምድር ቤት ውስጥ፣ ለዚያ ሁሉ ሩጫ
የማበጅ መቋጫ።

እሱ ከደቡብ ጫካ፣ ከቦምብ ጉድጓድ ዳር፣
ጥቅል ፊልም ይልካል በብስክሌት፣ በእግር፤
ሦስት ወር ተጉዞ፣ ሰው ከሰው ተቀብሎ፣
ይደርሰኛል ጣሳው የወንዝ ጭቃ አዝሎ።
መምህርት በዋሻ፣ በኩራዝ ፊደል ስትጽፍ፣
ጎሹ የሞተበት ገበሬ ቀንበሩን ሲያቅፍ፤
ሬሳ ግን አይቀርጽም፤ ጫማውን ይቀርጻል፤
«ፊቱ የእናቱ ነው» ይላል።

ጣሳውን ስከፍተው እፍኝ ሩዝ አለ፣
ተቆልቶ፣ ጠቁሮ፣ እንደ እንጨት የከሰለ፤
እርጥበት እንዲመጥ። በዚያ ጫካ፣ ክረምት፣
እንኳን ፊልም ቀርቶ ይሻግታል አጥንት።
ሩዙን በመስኮት ስደፋ ኖርኩ፤
አንድም ቀን አልጠየቅኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ፦
«ይህ ልጅ በጣም ከስቷል፤ ወታደር አይከሳም፤
ቁረጪው» አሉኝ ሹማምንቱ። ቆረጥኩ፤ ግን አልጣልኩም፤
በፖስታ አሽጌ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግሬ እየነካው ሲኖር።

ጦርነቱ አለቀ፤ እንደዚያ ይባላል።
እሱ ግን ካሜራው ትከሻው ላይ ውሏል፤
የአውሮፕላን ስብርባሪ ማንኪያ የሚያደርግ፣
ድልድይ ሥራ ያስፈታው ቀዛፊ በወንዙ ጥግ።
ሜዳልያም ሰጡት፤ መሳቢያ ውስጥ ጣለው፣
ከዛገ ብሎን ጋር ቤተኛ አደረገው።

አንድ አመል ነበረው፤ ከሳሕኑ ጥጋት
ሁሌ ጥቂት ሩዝ ይተዋል፤ አይነካት።
«ጠግበህ ነው?» ስለው «አይ» ይላል፤ ቀና ሳይል፤
ስንት ዓመት ሙሉ፣ ያው ጥያቄ፣ ያው ቃል።

ሸብተን ሳለን አንድ ቀን፣ ያን የፖስታ ጥቅል
ይዘን ገጠር ወረድን፤ ከሩዝ ማሳ መሐል
አንሶላ ወጠርን፤
ጄኔሬተር አስነሣን፤
ሕዝቡ ከነብርጩማው፣ ከነልጁ መጣ፤
ብርሃኑም ወጣ።

አንድ ልጅ ወንዝ ያቋርጣል፣ እስከ ደረቱ ጠልቆ፣
የካሜራውን መቆሚያ ከውሃው አርቆ፤
ዞር ይላል፤ ይስቃል፤ አጥንቱ ይቆጠራል፣
ውሃው ከጉንጩ ስርጉድ ላይ ያንጸባርቃል፤
ፊልሙ ጥርት ያለ፤ አንዲት ነጥብ የለችበት—
ሃያ አምስት ሰከንድ፤ ከዚያ ቁልፉ አለቀበት።

እማማ ኛን ተነሡ። ሰባ አልፏል ዕድሜያቸው።
«ኪየም ነው!» አላሉም። አልፈሰሰ እንባቸው።
ላም ቱዋትን ያዙት በደረቅ ጣታቸው፤
«ያን ለት» አሉት፣ «ልጄ
በልቶ ነበር?»

ጄኔሬተሩ ብቻ ነው የመለሰላቸው።

ሌሊት፣ ጭነት መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲነጥር፣
ነገረኝ፤ ለመንገዱ የሚያወራ ይመስል ነበር፦
«አምስት ቀን ጾመናል። ጣሳው ውስጥ ሁለት እፍኝ።
‹እንቀቅለው› አለኝ። ‹ፊልሙስ?› አልኩት። አየኝ።
‹ይሁን› አለ፤ ሳቀ፤ ‹ግድ የለም፣ እሱ ይብላ።›
ያን ሳቅ ነው የቀረጽኩት፣ ከቃሉ በኋላ።
በሦስተኛው ሌሊት፣ ትኩሳቱ ሲነድ፣
ጣሳውን ከፈትኩት። አልተቀበለም ሆድ።
መልሼ ከደንኩት።»

ከዚያ ዝም አለ። እኔም ዝም።
ምን እለዋለሁ?

ያን ሩዝ
ከምድር ቤቱ መስኮት የደፋሁት እኔ ነኝ።
ድንቢጦች ወረዱ፤
ቆሜ አየኋቸው፤ ደስ አለኝ።